የቅሬያችን አዲስ ደንብ

እድር የሚባለውን እኛ ከወሎ የመጣን ሰዎች ቅሬ እንለዋለን። አባቴና ታላቅ ወንድሙ በደርግ ጊዜ በአንድ መኪና ተጭነው አሶሳ አጠገብ ሲራገፉ፣ ቤት ሳይሠሩ ቅሬ አቋቋሙ ይባላል። ወባ ሰው በሚጨርስበት በዚያ ክረምት ቤት ቢዘገይ በድንኳን ይታደራል፤ ቀባሪ ከጠፋ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። መንደራችን እስከ ዛሬ ስም አላወጣችም፤ የምትጠራው ሲያሰፍሩን በተሰጣት ቁጥር ነው። ቅሬዋ ግን ገና ከጠዋቱ ዳኛ፣ ጸሐፊና የዕቃ ኃላፊ ነበራት።

አባቴ ክርስቲያን፣ ወንድሙ ሙስሊም ነው። አንድ እናት፣ አንድ አባት። ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ለሌላው ሳብራራ ግን ዕድሜዬ አለቀ። አያቴ ከልጆቿ አንዱን ለታቦት፣ አንዱን ለሸኽ ተስላ ነው የሚሉ አሉ። አባቴ «እናታችን ብልህ ነበረች፤ በሁለቱም በኩል ሰው አስቀመጠች» እያለ ያሾፍ ነበር። አጎቴን እኔ አባባ ነው የምለው። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ የእሱ ሚስት ናት። እነሱ ቤት ሥጋ በተሠራ ቁጥር ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ይሠራልኛል፤ አንድም ቀን ረስተውኝ አያውቁም።

የቅሬው ትልቁ ሥርዓት ቅብብሉ ነበር። ክርስቲያን ሲሞት ቃሬዛውን ከቤት የሚያነሱት ሙስሊሞቹ ናቸው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ እዚያ ሲደርሱ ክርስቲያኖቹ ከሥር ገብተው ይቀበሏቸዋል። ሙስሊም ሲሞት ደግሞ በተራው ክርስቲያኑ ከቤት አንስቶ እስከ መቃብሩ በር ያደርሳል። ይህን የጻፈው ሰው የለም። አሮጌው ዳኛችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉና ነገሩ በዚያው ያልቃል። አባቴና አባባ ደግሞ በመካከላቸው ሌላ ውል ነበራቸው፤ ቀድሞ የሞተውን የቀረው ከፊት፣ በቀኝ በኩል ሆኖ ይሸከመዋል። ልጅ ሆኜ ሲያወሩት እሰማለሁ፤ ስለ በሬ ግዢ በሚያወሩበት ድምፅ ነበር የሚያወሩት።

እኔ አሶሳ ከተማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ጠዋት በባጃጅ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ወደ መንደር እመለሳለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፣ ነገር አላምታታም፤ በዚህ የተነሳ የቅሬው ጸሐፊ አደረጉኝ። ለጸሐፊነት የተመረጥኩ የመጀመሪያዋ ሴት ስለነበርኩ ኮርቼበታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመሃል አገር አንድ ሰባኪ መጣ። ወጣት ነው። ድምፁ ያለ ማይክራፎንም ይሰማል፣ ግን ማይክራፎን ይወዳል። ይህች አገር ለክርስቲያን በቃል ኪዳን የተሰጠች ናት አለን። ሌላው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ወንበር ይሰጠዋል እንጂ ቤት አይሰጠውም አለ። ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ የምርጫ ካርድም እንደ ጸሎት መጽሐፍ ነው ማለት ጀመረ፤ ክርስቲያን ድምፁን ለክርስቲያን ካልሰጠ ጾሙ ጎደሎ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሲሰብክ አለቀስኩ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፣ ግን ዕድሜ ልኬን ሰፋሪ፣ ሲብስም መጤ ነው የምባለው። በክልሉ ሕግ የክልሉ ባለቤት ሕዝቦች በስም ተዘርዝረዋል፤ እኛ የለንበትም። ይህን ራሴ አስተምራለሁ፤ ፈተና ላይም ይመጣል። ሰባኪው ግን መድረኩ ላይ ቆሞ «ሰፋሪ አይደላችሁም፣ ባለቤት ናችሁ» አለን። እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ድሮ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የምለምነው ነገር ይዤ እሄዳለሁ፤ ከእሱ ወዲህ ግን የሚገባኝን ነገር ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ልዩነቱ ያኔ አልታየኝም፤ ደስታ ብቻ ነበር የተሰማኝ።

በዚያው ሰሞን መተከል ነዶ ነበር። ከቡለን የተፈናቀሉ የእናቴ ዘመዶች እኛ ቤት መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ከረሙ። ያፈናቀላቸው ነገር የመሬትና የቋንቋ ነገር እንደነበር ራሳቸው ሲመጡ ነግረውናል። ሰባኪው የሃይማኖት አድርጎ መልሶ ሲነግራቸው መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙት። በኋላ እነሱም እንደሱ ማውራት ጀመሩ። የፈራ ሰው የተሰጠውን ምክንያት ይይዛል። እኔም ፈርቼ ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባባን ደጁ ላይ ማንጎ ሲልጥ አገኘሁት።

«ዛሬስ ምን ተባለ?» አለኝ።

«የክርስቲያን ደሴት ነን ተባለ።»

«ደሴት ዙሪያውን ውሃ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ውሃው እኛ ነና» አለና የማንጎውን ግማሽ ሰጠኝ። እኔም ተቀብዬ በላሁ።

አሮጌው ዳኛ በዕድሜ ሲደክሙ አዲስ ዳኛ ተመረጠ፤ የሰባኪውን ጉባኤ የሚያስተባብር ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወረቀት ይዞልኝ መጣ። «የቀብር ሥርዓታችን በእምነታችን መሠረት ይፈጸማል» ትላለች። ሌላ ነገር የለባትም። አስተካክለሽ ደንብ አድርጊልን አለኝ። አነበብኩትና ላላ ያለ ሆነብኝ። የላላ ደንብ ጠብ ይወልዳል ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ማታ ተቀመጥኩና አጠበቅኩት። «የቅሬው አባል የሚሆነው ክርስቲያን ነው። አባል ያልሆነ ሰው ቃሬዛ አይነካም።» እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች የእኔ ናቸው፤ ማንም አልነገረኝም። ዳኛው ሲያነባቸው ሳቅ አለና «የተማረ ይግደለኝ!» አለ።

ስጽፍ አባባን አላሰብኩትም። ይህን ስል የሚያምነኝ የለም፤ ግን እውነት ነው። ደንቡ ስለ ሙስሊሞች ነበር። አባባ ደግሞ ለእኔ አባባ ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው የተጠራው ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከማንጎዎቹ ሥር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሙሉ አባል ስለሆነ ሁሉም መጥቷል። ደንቡን እኔ አነበብኩ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ከወለጋ የመጣው ጎረቤታችን ነው፤ ፕሮቴስታንት ነው።

«ክርስቲያን ሲባል እኛም አለንበት?» አለ።

ዳኛው ከሰባኪው ጋር ተንሾካሾከና «አላችሁበት» አለው።

«ኤዬ፣ እሺ። ለዛሬ ነው ለሁልጊዜ?»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀና ተቀመጠ።

ቀጥሎ አባባ ተነሳ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ እሱ ነበር፤ ድንኳኑንም ድስቱንም ከቅሬው ምሥረታ ጀምሮ የያዘው እሱ ነው። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ወንድሜ ቢሞትስ?»

«ዕድሜ ይስጠው!» አለ ዳኛው። ጉባኤው «አሜን» አለ። ጥያቄው በዚሁ እንደተመለሰ ተቆጠረ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ጥያቄና መልስ ተካሂዷል» ብዬ ጻፍኩ።

የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። በአግዳሚ ወንበሮቹ መሃል እየሄድኩ ቆጠርኩ። የወለጋው ጎረቤታችን እጁን አውጥቷል። አባቴ ዘንድ ስደርስ የእሱም እጅ እስከ ጆሮው ድረስ ወጥቷል፤ ዓይኑ ግን መሬት ነው የሚያየው። ቆጠርኩት። የሚቃወም ሲባል ሙስሊሞቹና ጥቂት የወሎ ሽማግሌዎች አወጡ። አባባ ክንዱን ቀጥ አድርጎ፣ ተማሪ እንደሚያወጣው አድርጎ ነው ያወጣው። ጸሐፊ ድምፅ እንዳትሰጥ የሚከለክላት የለም። እኔ ግን መቁጠር ይበቃኛል አልኩና ድምፅ ሳልሰጥ ቀረሁ። ደንቡ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

አባባ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለዳኛው ሰጠው። አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ግን አልሰጥም በል እያለ ክንዱን ይዞት ነበር።

«ተወኝ» አለው አባባ። «ስናሸንፍ ድምፅ ይከበር ስንል ኖረናል። ስንሸነፍ አይከበር ልንል ነው እንዴ?»

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ስለ ብዙኃን ውሳኔና ስለ ጥቂቶች መብት አስተማርኩ። ምዕራፉ እዚያ ደርሶ ነው እንጂ እኔ መርጬው አይደለም። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውንም ከልሼ አለፍኩ። ተማሪዎቹ ገለበጡ፣ ደወል ተደወለ፣ ሰሌዳውን አጠፋሁ። ሰው በድሎ ሲያበቃ የሚያቃጥለው ይመስለኝ ነበር። እኔን የያዘኝ ነገር ግን ጥርስ ሊነቀል ሲል እንደሚወጉት መርፌ ነው። አፌ ቦታው ላይ አለ፤ ብነክሰውም አይሰማኝም።

በዓመቱ አባቴ ታመመ። ሆስፒታል ተመላለስንና በመጨረሻ ወደ ቤት ውሰዱት ተባልን። አባባ በየቀኑ እየመጣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ወሎ ስለቀሩ ዘመዶች ያወራሉ። ስለዚያ ስብሰባ አንዱም አንሥቶ አያውቅም። አንድ ቀን አባባ ከሄደ በኋላ አባቴ ጠራኝ።

«ያን ቀን እጄን ያወጣሁት ሰው ሁሉ ሲያወጣ አይቼ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ወንድሜ እንዲሸከመኝ አድርጊ። ደንቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ መላውን አታጪም።»

«እሺ» አልኩት። የገባሁለት ቃል ይህ ብቻ ነው። ዳኛውን አነጋግራለሁ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ነገ አልኩ። ፈተና ማረም ነበረብኝ፣ ከዚያ ዳኛው ባምባሲ ሄዷል ተባለ፣ ሲመለስ ደግሞ አባቴ ትንሽ የተሻለው መሰለኝ። ይህ ሁሉ ሰበብ እንደሆነ ያኔም አውቀው ነበር። ፈርቼ ነበር። ዳኛውንም ሰባኪውንም አይደለም የፈራሁት። እዚያ ጉባኤ ውስጥ የነበረኝን ቦታ ማጣት ነው። ባለቤት ከተባልኩ በኋላ መልሼ ሰፋሪ መሆን አልፈለግሁም።

አባቴ በአንድ ጠዋት አረፈ። ከሰዓት በኋላ ለመቅበር ሕዝቡ ግቢያችንን ሞላው። አስከሬኑ ሲወጣ ተሸካሚዎቹ ሦስት ቦታ ያዙ። የፊት ቀኙን ማንም አልያዘውም። ያዙ ያላቸውም፣ ተዉ ያላቸውም የለም፤ ሁሉም ውሉን ያውቃል። አባባ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ቆቡን አድርጎ አጥሩ ሥር ቆሟል። ዳኛው ራሱ ቀረብ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎ ይያዙ እንጂ፣ ማን ይከለክልዎታል» አለው። ሰባኪው መጽሐፉን እያነበበ ነው፤ ሰምቷል፣ ቀና አላለም።

አባባ እኔን አየኝ።

«ደንቡ ምን ይላል?» አለኝ።

እየተዘባበተብኝ አልነበረም። ከምሩ ነው የጠየቀኝ። ተሸንፎ የተቀበለው ነገር ስለሆነ፣ በውለታ ወይም በሐዘኔታ ሊሽረው አልፈለገም። ጸሐፊዋ ያዝ ብትለው ግን ይይዝ ነበር፤ ይህን እንደ ስሜ አውቃለሁ። አንድ ቃል ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ነጠላዬ ሳይወድቅ አስተካከልኩት። ደንቡን በቃሌ ስለማውቀው ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር በጭንቅላቴ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተነበበ። አፌ አልተከፈተም።

«አብሽሪ» አለኝና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ቦታውን የወለጋው ጎረቤታችን ያዘው። ከሌሎቹ በጣም ረጅም ስለሆነ ቃሬዛው ወደ ግራ አዘነበለ፤ እንዳዘነበለ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አባባ ከኋላ፣ ከሴቶቹም ኋላ ይከተላል። ደጁ ላይ ሲደርስ ቆመ። ድሮ ቅብብሉ የሚደረግበት ቦታ ነው፤ አሁን የሚቀበል የለም፣ የሚያቀብልም የለም። የወንድሙ ቃሬዛ ገብቶ እስኪሰወር ጠበቀና ብቻውን ተመለሰ።

ከቀብር ስንመለስ ከሰል የምትሸጥልን የበርታ ጎረቤታችን አጠገቤ መጣች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ ለምን ዝም አለ?» አለችኝ። «ወንድሙ ነው እኮ።»

«ደንብ ነው» አልኳት።

«ደንብ ማን ጻፈ?»

«ቅሬው።»

ራሷን ነቀነቀች። ማታ ንፍሮ ይዛ መጥታ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠች፤ እኔን ግን ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ከአባቴ አርባ በኋላ አባባ ቤቴ መጣ። ማመልከቻ ጻፊልኝ አለኝ። ነገሩን አስቦበት ነው የመጣው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቃል በቃል አስጻፈኝ። የሟች የሥጋ ዘመድ እምነቱ ምንም ይሁን ምን ቃሬዛ እንዲይዝ ይፈቀድለት የሚል ነው።

«ለእኔ አይደለም» አለኝ። «የእኔስ አለፈ። ግን እዚህ መንደር እንደ እኛ ያለ ወንድማማች ሞልቷል። ደንብ ያወጣ ጉባኤ ደንብ ያሻሽላል፤ አንቺስ ተማሪ ቤት የምታስተምሪው ይህንን አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ማመልከቻውን አነበብኩ። አባባ አባል ስላልሆነ መግባት አልቻለም፤ መንገዱ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ንባቡን ስጨርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፍንጫውን በጋቢው ጠረገ። የወለጋው ጎረቤታችን ተነሳ።

«እኔ ያን ቀን የሰው ቦታ ይዤ ነው የተሸከምኩት» አለ። «አልቀለለኝም።» ሌላ ነገር ሳይጨምር ተቀመጠ።

ሰባኪው ሊናገር ቆመ። ዘመድ በሥጋ ሲሆንና ዘመድ በመንፈስ ሲሆን ለየቅል እንደሆነ አስረዳ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ በአባትነት ፈገግ አለ፤ በዕድሜ ግን ከእኔ ያንሳል። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። የሚደግፍ ሲባል ካሰብኩት የበለጠ እጅ ወጣ። እዚሁ ቀርተው የቅሬው አባል የሆኑት የቡለን ዘመዶቼም አወጡ፤ ይህን አልጠበቅኩም። የጎረቤታችን ረጅም እጅ ከሩቅ ይታያል። በወንበሮቹ መሃል እየሄድኩ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። የእኔን እጅ አልቆጠርኩም፤ አልወጣም ነበርና። እስክሪብቶ ይዤበት ነበር። በሦስት ድምፅ ወደቀ። የእኔ ቢጨመርም አያልፍም ነበር፤ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ስወጣ አባባ ከድንጋዩ ተነሳ።

«ስንት ለስንት?» አለኝ።

ነገርኩት። በጣቶቹ አሰላ፣ እንደገና አሰላ። ከአባቴ ሞት ወዲህ ፊቱ እንደዚያ ሲፈታ አላየሁትም።

«ክርስቲያኖች ብቻ ይሄን ያህል?»

«አዎ፣ ክርስቲያኖች ብቻ።»

«ያንቺን ጨምሮ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

«እንግዲያው በሚመጣው ዓመት ይሞላል» አለኝ።